የምግብ ቤት ልጅ

ሰው ወደ አዲስ ኅብረት ሲገባ የሚጠየቃቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ስምህ ማን ነው? ከየት መጣህ? ቤተሰቦችህ ምን ይሠራሉ? የመጀመሪያውን ማንም ሳያስብ ይመልሳል። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ግን አንዳንዶቻችን ምራቃችንን ዋጥ እናደርጋለን። ይህን የምጽፍላችሁ እኔ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስለወደቅኩ ነው።

ባለፈው ዓመት ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ አንድ ፎቶ በስልክ ላከልኝ። የምግብ ቤት በር ነው፤ ከበሩ በላይ «ዱከም» የሚል ስም አለበት። ከፎቶው ሥር «የሰፈርህን ልጅ እይልኝ!» ብሎ ጽፏል። ዩ ስትሪት በሚባለው ጎዳና ላይ በፈረንጆቹ 1997 የተከፈተ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነው። ስሙ የእኛው ከተማ ስም ነው። በኋላ በባልቲሞር ከተማም በዚሁ ስም ሌላ ተከፍቷል።

ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። አንድ ሰው አገሩን ትቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በአሜሪካ ዋና ከተማ የዱከምን ስም ከፍ አድርጎ ሰቀለ። እኔ ደግሞ ከዱከም ተነሥቼ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ተጉዤ አዲስ አበባ ስገባ ያንኑ ስም ደበቅኩት።

ዱከምን በስም ብቻ የምታውቁ ካላችሁ ላስተዋውቃችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው በድሮው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ከተማ ናት። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድም፣ የጅቡቲ ጭነት መኪናም የሚያልፈው በእኛ በኩል ነበር። መንገደኛ ባለበት ምግብ አለ። ዙሪያው ገበሬ ነው፤ ከብት አለ። አዲስ አበባ ደግሞ ቅርብ ናት። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ የከተማው ሰው መኪናውን አስነሥቶ ሥጋ ሊበላ ወደ ዱከም ይመጣ ነበር። ዱከም ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የተሰቀለ ሥጋ፣ ቢላዋ፣ አዋዜና ሚጥሚጣ ነው።

አባቴ ወደዚህች ከተማ የመጣው በሰው ሥጋ ቤት ቆራጭ ሆኖ ነው። እናቴ እዚያው ጓሮ እንጀራ ትጋግር ነበር። ተዋውቀው ተጋቡና፣ እኔ ሳልወለድ፣ ከመንገዱ ዳር ሁለት ክፍል ተከራይተው የራሳቸውን ከፈቱ። የፊተኛው ክፍል ሥጋ ቤት ነው፤ ከመስኮቱ ጋ ሥጋው ይሰቀላል፣ አባቴ ነጭ ጋዋን ለብሶ ይቆማል። ሁለተኛው ክፍል ስድስት ጠረጴዛ ይይዛል። ወጥ ቤቱ ከጓሮ በቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ እናቴ ያደረችውም የዋለችውም እዚያ ነው። እኔና እህቴ ያደግነው በሽንኩርት ልጣጭ መካከል ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የሥጋ ቤት ኑሮ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። ረቡዕና ዓርብ እኛ ባንጾምም ደንበኛው ይጾማል፤ ስለዚህ በእነዚህ ቀናት እናቴ ሽሮና በያይነቱ ትሠራለች። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀን ቢላዋው ይሰቀላል። በፋሲካ ደግሞ እንቅልፍ የለም። አባቴ «ሥጋ ቤት የያዘ ሰው ዮሴፍ መሆን አለበት፤ የጥጋቡን ለረሃቡ ማስቀመጥ» ይል ነበር።

የዮሴፍን ታሪክ ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው። ወላጆቼ ጌታን ያገኙት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። መጀመሪያ እናቴ አመነች፤ ከወራት በኋላ አባቴ ተከተላት። ያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ጥያቄውም ቢራ ነበር።

እዚህ ላይ የሙያውን ምስጢር ልንገራችሁ። ከሥጋ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ከብቱ በውድ ይገዛል፤ አጥንቱ አለ፣ የማይበላው አለ፣ ሳይሸጥ የሚያድረው አለ። በእኛ ቤት ኪራዩን የሚከፍለው፣ ለእኔና ለእህቴ ደብተር የሚገዛው መጠጡ ነበር። ሰው ግማሽ ኪሎ ሥጋ አዝዞ ሦስት አራት ቢራ ይጠጣል። ሥጋው ይጠራዋል፤ መጠጡ ያስቀምጠዋል።

ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ማንም መጥቶ «ተው» አላለውም። አባቴን እንቅልፍ የነሣው የራሱ ጸሎት ነበር። በአጥቢያችን ማክሰኞ ማታ የጸሎት ፕሮግራም ነበር፤ አባቴ ሁልጊዜ ስለ መንገደኞች ይጸልያል፤ መኪና በየጊዜው ሲገለበጥ ያይ ነበርና። አንድ ማታ ከጸሎት ተመልሶ እናቴን እንዲህ አላት፤ «እኔ ነኝ ሾፌሩን አጠጥቼ መንገድ የማስወጣው። ከዚያ ማታ ሄጄ ጌታ ሆይ መንገደኛውን ጠብቅ እላለሁ። ይሄ ጸሎት ነው?» እናቴ ብዙ ዝም አለችና «ልጆቹን በምን እናስተምር?» አለችው። መልስ አልነበረውም። በሳምንቱ ግን ጠርሙሱን ሁሉ በየሳጥኑ ሞልቶ ለአከፋፋዩ መለሰ።

ብዙ ምስክርነት ሰምታችኋል። «ቢራ መሸጥ ትቼ ጌታ በእጥፍ ባረከኝ» የሚል ታሪክ ትጠብቁ ይሆናል። የእኛ እንደዚያ አልሆነም። ደንበኛ ሄደ። «ሥጋ በሚሪንዳ?» እያሉ ስቀውብን ሄዱ። ስድስቱ ጠረጴዛ ባዶውን የዋለበት ቅዳሜ ትዝ ይለኛል። አባቴ በሳምንት ሁለት ቀን ተመልሶ በሰው ሥጋ ቤት ይቆርጥ ጀመር። እኔ በዚያ ዓመት በእህቴ አሮጌ ቦርሳ ተማርኩ። ቀስ በቀስ ግን ሌላ ዓይነት ሰው መጣ፤ ልጆቹን ይዞ የሚጓዝ አባት፣ መጠጥ የተወ ሾፌር፣ ወደ ኮንፈረንስ የሚሄዱ የመዘምራን ቡድኖች። ቁጥራቸው ከድሮው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ቤቱ ሳይዘጋ ቀረ። አባቴ ይህን ተአምር ነው ይል ነበር። እኔ ልጅ ስለነበርኩ ተአምር ማለት ብዙ ገንዘብ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ታሞ ከዚህ ዓለም ተለየ። በዓመቱ፣ በፈረንጆቹ 2014፣ የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ተከፈተ። ለአገር ትልቅ ነገር ነው፤ ወደ አዳማ የሚያደርሰው ጊዜ እጅግ አጠረ። መንገዱ ግን ዱከም ከተማ ውስጥ አይገባም። ትናንት በደጃችን ሲሰለፍ የነበረው መኪና ዛሬ ከሩቅ ድምፁ ብቻ ይሰማል። እናቴ በር ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ የአባቴን ሞት ሁለተኛ ጊዜ የምታለቅስ ይመስለኝ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መንገዱን ማየት አቆመችና ወደ ሌላ አቅጣጫ ማየት ጀመረች። በከተማችን የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የሚባለው የቻይናውያን የፋብሪካ መንደር አለ። ሁዋጂያን የሚባለው የጫማ ፋብሪካ በፈረንጆቹ 2012 መጀመሪያ ላይ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ከየገጠሩ የመጡ ወጣቶች፣ በተለይ ሴቶች ልጆች፣ ከተማውን ሞልተውት ነበር። እነዚህ ጥሬ ሥጋ አይበሉም፤ ደሞዛቸው አይፈቅድም። የሚፈልጉት ቶሎ የሚደርስ፣ የሚያጠግብና በርካሽ የሚገኝ ምሳ ነው። እናቴ የሥጋ መስቀያውን አወረደች፤ በቦታው መደርደሪያ አስገባች። ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋ ወጥ። የወር ከፋይም ተቀበለች፤ የዱቤ ደብተሯ የእኔን የሒሳብ ደብተር ያክላል።

እናቴ መልአክ ነበረች ብዬ አላታልላችሁም። ሳይከፍሉ ሥራ ለቅቀው የጠፉ አሉ፤ በእነሱ ስትናደድ ሰምቻታለሁ። ቢሆንም ደሞዝ ሳይደርስ ገንዘብ ያለቀባትን ልጅ ስታይ፣ እንጀራውን ደርባ ታቀርብና «ጻፊልኝ አትበይኝ፣ ብዬሽ ነው» ትላት ነበር። እኔ ያን ጊዜ አስተናጋጅ ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት መልስ ሽርጥ አስሬ ሳሕን አነሣለሁ።

የአክስቴ ልጅ ፎቶውን ከላከልኝ በኋላ ስለ ዩ ስትሪት ሳነብ የእናቴን የሚመስል ታሪክ አገኘሁ። ከዋሽንግተኑ «ዱከም» በቅርብ ርቀት «ቤንስ ቺሊ ቦል» የሚባል ምግብ ቤት አለ። ቤን አሊ የተባለ ከትሪኒዳድ የመጣ ሰውና ቨርጂኒያ የተባለች እጮኛው በፈረንጆቹ ነሐሴ 1958 ከፈቱት፤ በዚያው ዓመት ተጋቡ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ያ ጎዳና በአመፅ ነደደ፤ ብዙ ሱቅ ተቃጠለ፤ ብዙ ነጋዴም ሰፈሩን ለቀቀ። እነሱ ቆዩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ለምድር ውስጥ ባቡር ሲባል ጎዳናው ደጃቸው ድረስ ተቆፈረ፤ ደንበኛ መግቢያ አጣ። አሁንም አልዘጉም። የባቡር ጣቢያው በ1991 ተከፈተ፤ ሰፈሩም ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። የእኛ ሰዎች በዚያ ጎዳና ላይ «ዱከም» የሚል ስም የሰቀሉት ከዚያ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። ቤን በ2009 አረፈ፤ ምግብ ቤቱን ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ቀጠሉት።

መንገድ ሲቆፈርም፣ መንገድ ሲዞርም፣ ድስቱን ሳይጥዱ የማይውሉ ሰዎች አሉ። አንዷ እናቴ ናት። እንግዲህ እኔ የካድኩት ይህችን ሴት ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት ሄድኩ። አዲስ የገባነው በክብ ተቀምጠን ራሳችንን አስተዋወቅን። ከእኔ በፊት የተናገረው የመጋቢ ልጅ ነው፤ ቀጥላ የተናገረችው የሐኪም ልጅ። ተራዬ ደረሰ። «ከቢሾፍቱ አካባቢ ነው የመጣሁት» አልኩ። «እናቴ ነጋዴ ናት» አልኩ። ሁለቱም ውሸት ነው ብሎ የሚይዘኝ የለም። እኔ ግን ውሸት መሆናቸውን አውቅ ነበር፤ የተናገርኳቸው እንዲሸፍኑልኝ ነውና።

ለምን አፈርኩ? በጭነት መኪና መንገድ ላይ ምግብ ቤት የያዘች ሴት ስሟ እንዴት እንደሚነሣ ታውቃላችሁ። ቢራ ትሽጥ አትሽጥ የሚጠይቅ የለም። ደግሞ ነገሩ የቆየ ነው። በአገራችን ምግብ ለእንግዳ ይቀርባል እንጂ አይሸጥም ተብሎ ሲታመን ኖሯል። በአፄ ምኒልክ ዘመን እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን በአዲስ አበባ ሲከፍቱ ሰው በገንዘብ መብላትን እንደ ነውር ቆጥሮ ስለ ሸሸ፣ ንጉሡ ራሳቸው በልተው ሒሳብ በመክፈል አርኣያ እንደ ሆኑ ይነገራል። ሆቴሉ ዛሬም ፒያሳ አካባቢ አለ። ንጉሥ ሒሳብ ከፍሎም ያልጠፋው ነውር በእኔ ልብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ኅብረታችን አዳማ በሚደረግ የወጣቶች ኮንፈረንስ ተጋበዘ። አውቶቡስ ተከራየን። በፈጣኑ መንገድ ስለምንሄድ ዱከምን ከሩቅ እንደማልፋት እርግጠኛ ነበርኩ። ቃሊቲ ስንደርስ ግን ሾፌሩ «ምሳ እዚሁ በድሮው መንገድ እናደርጋለን። ንጹሕ ቤት አውቃለሁ፤ መጠጥም አይሸጥበትም፤ ለእናንተ የሚሆን ነው» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። የእኔ ሆድ ግን ተገለበጠ።

አውቶቡሱ ከደጃችን ቆመ። ከሁሉ መጨረሻ ወረድኩ። ጓደኞቼ ጠረጴዛዎቹን አገጣጥመው ተቀመጡ፤ እኔ ጀርባዬን ለወጥ ቤቱ ሰጥቼ ከጥግ ተቀመጥኩ። እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። «እንኳን ደኅና መጣችሁ ልጆቼ፣ ምን ይምጣላችሁ?» አለች። ከዚያ አየችኝ። ፊቷ በራ። ልትጠራኝ አፏን ከፈተች። እኔ ዓይኔን ወደ ጠረጴዛው አወረድኩ።

እናት ልጇን ለማንበብ ፊደል አያስፈልጋትም። አፏን መልሳ ገጠመች። የሁሉንም ትእዛዝ ጠየቀች፤ እኔ ጋ ስትደርስ በዚያው ለእንግዳ በምትናገርበት ድምፅ «ለአንተስ፣ ወንድሜ?» አለችኝ።

ወንድሜ።

«ሽሮ» አልኩ። አመጣችልኝ። ሚጥሚጣውን ሳልጠይቃት ከጎኑ አድርጋዋለች፤ እንደምወደው ታውቃለችና። በላሁ። ጓደኞቼ «እንዴት የሚጣፍጥ ሽሮ ነው!» አሉ። እኔም «አዎ» አልኩ። ሒሳብ ሲከፈል የእኔንም ድርሻ አዋጣሁ፤ እናቴ ከእጄ ገንዘብ ተቀበለች። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት አየኋት፤ ለሁላችን እጇን ታውለበልብ ነበር።

በኮንፈረንሱ ሦስት ቀን ሙሉ ዘመርኩ። አንዱንም መዝሙር አላስታውሰውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ቤት ሄድኩ። በመንገድ ላይ የይቅርታ ንግግሬን ሳዘጋጅ ነበር። እናቴ ከጓሮ ከሰል እያራገበች አገኘኋት። ከንግግሬ አንዱን ቃል ሳላወጣ «ቁርስ በልተሃል?» አለችኝ። አልበላሁም አልኳት። ፍርፍር ሠርታ አቀረበች፤ አጠገቤ ተቀምጣ እስክጨርስ ጠበቀች። ከዚያ «አሁን ተናገር» አለች። እያለቀስኩ ተናገርኩ።

«አመመኝ» አለች። «አላመመኝም ብዬ አልዋሽህም። አባትህ ቢራውን ሲመልስ የሳቁብን ሰዎች እንዲህ አላሳመሙኝም።» ትንሽ ዝም ካለች በኋላ ሣሕኑን አነሣችና «በል፣ በሚቀጥለው እሑድ ጓደኞችህን ይዘሃቸው ና። እኔ እሠራለሁ፤ አንተ ታስተናግዳለህ» አለችኝ።

የዮሐንስን ወንጌል ከዚያ በኋላ ሳነብ አንድ ነገር አየሁ። ጴጥሮስ ጌታን የካደው እሳት እየሞቀ ነበር፤ ምዕራፍ 18 ላይ የተለኮሰውን የከሰል እሳት ታገኙታላችሁ። ምዕራፍ 21 ላይ ደግሞ በባሕሩ ዳር ሌላ የከሰል እሳት አለ። እሳቱ ላይ ዓሣ አለ፣ እንጀራም አለ፤ ያዘጋጀው ከሞት የተነሣው ጌታ ራሱ ነው። ጴጥሮስን «ትወደኛለህ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ቁርስ አበላው። ካበላው በኋላም ጥያቄውን አልተወም፤ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ጴጥሮስም አዘነ። ከዚያ በጎቹን አደራ ሰጠው። እናቴ ይህን ክፍል አስባ ያደረገችው አይመስለኝም። የተራበን ማብላት ሥራዋ ስለ ሆነ ነው። ጌታም የምግብ አብሳይ ሥራ ሊሠራ አላፈረም።

በተባለው እሑድ ሰባት ሆነን ሄድን። ከመግባታችን በፊት በር ላይ አቁሜ «ይህ የእናቴ ቤት ነው። ባለፈው ስንበላ ደብቄያችሁ ነበር» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። የሐኪሟ ልጅ «እና ሽሮውን ሁልጊዜ በነፃ ትበላ ነበር ማለት ነው?» አለች፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን። እኔ ሽርጤን አስሬ አስተናገድኩ። እናቴ ስታልፍ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ልጄ ነው» ትል ነበር፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ቤቱ ዛሬም አለ። ሀብታም አላደረገንም። የኪራዩ ነገር ያስጨንቃል፤ ዘይቱም ጤፉም በየጊዜው ይንራል። እህቴ ከእናቴ ጋር ትሠራለች፤ እኔም ከሥራ ሳርፍ እሄዳለሁ። የዋሽንግተኑን ፎቶ ለእናቴ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። «ባሕር ማዶ ተሻግሮም ስሙን አልተወውም?» አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። ሌላ አልተናገረችም፤ እኔም ገባኝ።

እናንተስ? በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ምን ትላላችሁ? አባታችሁ ዘበኛ ሊሆን ይችላል፤ እናታችሁ ጉሊት ትቸረችር ይሆናል፣ ልብስ ታጥብ ይሆናል። በዚያ እጅ አድጋችሁ ነው ዛሬ በኅብረት መካከል እጃችሁን አንሥታችሁ የምትዘምሩት። በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። አጠገባቸው ተቀመጡና ሥራቸውን እንዴት እንደ ጀመሩት፣ ምን እንደተውለት፣ ምን ሊዘጋው እንደ ነበረና እንዴት እንዳልዘጉት ጠይቋቸው። የሚነግሯችሁን ጻፉት። ከዚያ በሚቀጥለው እሑድ አንድ ሰው ቤተሰቦቻችሁ ምን እንደሚሠሩ ሲጠይቃችሁ፣ ዓይናችሁን ወደ ጠረጴዛው ሳታወርዱ መልሱለት።

እኔ የዱከም ልጅ ነኝ። እናቴ ምግብ ቤት አላት።